ተጎትቶ የወጣው የደም ሥር ለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፦ «በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣ አካባቢ በሚገኝ ደብር የማገለግል የ54 ዓመት መሪጌታ ነኝ። በግራ እግሬ ከብሽሽቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የደም ሥሬ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ ስላበጠ፣ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄጄ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሐኪሙም ሥሩ ብሽሽት ላይ ታስሮ ተጎትቶ መውጣቱን ነገረኝ። ሦስት ዓመት ያህል እግሬ ቀለለኝ። ከዚያ በኋላ ግን በጭኔ ውስጠኛ ጎን ትናንሽ ሥሮች ታዩ፤ አሁን ወደ ባቴ ወርደው እንደ ቀድሞው አብጠዋል። ማሕሌት ቆሜ ባደርኩ ማግሥት እግሬ ይከብደኛል፤ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቆዳዬ እየጠቆረ ነው። አንዳንዱ ሰው ‹ድሮም ሥር አይነካም› ይለኛል፤ አንዳንዱ ዝሆኔ ነው ይላል፤ በዋግምት ደሙን አስወጣው ያለኝም አለ። ተቆርጦ የወጣ ነገር እንዴት ይመለሳል? ሐኪሙ በድሎኝ ይሆን? ዳግመኛ ልቆረጥ ወይስ ማሕሌቱን ልተው? እናቴም ይህ ሕመም ነበረባት፤ አሁን ሁለተኛ ልጇን የፀነሰችው ልጄም እግሯ ላይ እየታየባት ነው።»

የተከበሩ መሪጌታ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቀዶ ሕክምና ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት «ተቆርጦ የወጣ ነገር እንዴት ይመለሳል» የሚለውን ጥያቄ ከብዙ ሕሙማን አፍ ሰምቻለሁ፤ ብዙዎቹም በቂ መልስ ሳያገኙ እንደ ሄዱ አውቃለሁ። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ። የወጣው ሥር አልተመለሰም። አሁን በጭንዎና በባትዎ ላይ የሚያዩት ሌላ ሥር ነው። ያ ሌላ ሥር ያበጠበት ምክንያት ግን ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ የእርስዎ ምክንያት በምርመራ ሳይለይ ዳግመኛ መቆረጥንም ሆነ አገልግሎት መተውን ሊወስኑ አይገባም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ደሙ በእግር ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል። ልብ ወደ እግር የሚልከው ደም በደም ቅዳ ወርዶ በደም መልስ ሽቅብ ይመለሳል፤ ቆሞ ላለ ሰው ይህ መንገድ ዳገት ነው። ዳገቱን የሚያስወጣው በዋናነት የባት ጡንቻ ሲሆን፣ በተራመድን ቁጥር በጡንቻው መካከል ያሉትን ጥልቅ ሥሮች ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። የተገፋው ደም ተመልሶ እንዳይወርድ በሥሮቹ ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ቫልቮች ተሠርተዋል። ከቆዳ በታች ከሚሄዱት ደም መልሶች ትልቁ ከቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎን ተነሥቶ፣ በጭን ውስጠኛ ጎን አልፎ፣ ብሽሽት ላይ ከጥልቁ ሥር ጋር ይጋጠማል፤ አነስተኛው ደግሞ በባት ጀርባ ወጥቶ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በስተኋላ ይጋጠማል። በመካከልም ጡንቻን አቋርጠው የላዩን ሥር ከጥልቁ ጋር የሚያገናኙ አጫጭር ሥሮች አሉ። ከእነዚህ መገናኛዎች በአንዱ ያለው ቫልቭ ሲደክም ደሙ ሽቅብ መሄዱን ትቶ ቁልቁል ይፈሳል፤ የላዩ ሥርም ያልተሠራበትን ጫና ተሸክሞ ይለጠጣል፣ ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል። ቫሪኮስ የምንለው ይህ ነው።

ቀዶ ሕክምናው የተነሣው ይህን ፍሳሽ ከምንጩ ለመዝጋት ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ትሬንደለንበርግ እ.ኤ.አ. በ1891 ትልቁን ሥር ጭን ላይ ማሰርን አሳተመ፤ አሜሪካዊው ባብኮክ ደግሞ በ1907 ሥሩን በውስጡ በሚገባ ዘንግ ጎትቶ የማውጣትን ዘዴ አስተዋወቀ። ለእርስዎ የተደረገው የሁለቱ ድምር ነው። ማሰር ብቻውን እንደማይበቃ ከጊዜ በኋላ በጥናት ታይቷል። በእንግሊዝ አገር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለ5 ዓመታት ተከታተለ፤ ብሽሽት ላይ ማሰር ብቻ ከተደረገላቸው 58 እግሮች መካከል 12ቱ በዚያው ሥር ምክንያት ሌላ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልጋቸው፣ የጭኑ ሥር ጭምር ከወጣላቸው 52 እግሮች መካከል ግን ያስፈለጋቸው 3 ብቻ ነበሩ። ልብ ይበሉ፤ በሚገባ ተሠርቶም ቁጥሩ ባዶ አልሆነም። ሕሙማንን ለረጅም ዓመታት የተከታተሉ ልዩ ልዩ ጥናቶች ሲታዩ፣ ዳግመኛ የሚታይባቸው ሰዎች ከአምስት አንድ ጀምሮ ከግማሽ በላይ እስከ መሆን ይደርሳሉ። ስለዚህ የደረሰብዎት ነገር በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ የዘርፉ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና በተደረገለት እግር ላይ የሚታየውን ቫሪኮስ ሁሉ በአንድ ስም ከጠሩት በኋላ በውስጡ ሦስት ነገሮችን ለይተዋል፤ ከመጀመሪያውም ሳይወጣ የቀረ ሥር፣ በታከመው ቦታ በእውነት ተመልሶ የመጣ፣ እና ሕመሙ በራሱ ጊዜ ወደ ሌሎች ሥሮች ተስፋፍቶ የፈጠረው። መስኖ ለሚያውቅ ሰው ነገሩን ለማስረዳት አይከብድም። ዋናው ቦይ ተዘግቶ ሳለ እርሻው መርጠቡን ከቀጠለ፣ ወይ ሳይዘጋ የቀረ ጎን ቦይ አለ፣ ወይ ውኃው በመዝጊያው ሥር ሰርጎ አዲስ መንገድ አውጥቷል፣ ወይም ከዓመታት በኋላ የሌላው ቦይ ግድብ ተንዷል። የሦስቱም መፍትሔ የተለያየ ነው።

ሳይወጣ ስለ ቀረው ሥር ላስረዳዎ። ብሽሽት ላይ ትልቁ ሥር ብቻውን አይደለም፤ በርካታ ቅርንጫፎች እዚያው አጠገብ ይገቡበታል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ሥሩ መንታ ነው፤ ብዙ ሰው ላይም በጭን የፊት ጎን የሚወርድ አጃቢ ሥር አለው። ከእነዚህ አንዱ ሳይታሰር ከቀረ ደሙ በእርሱ በኩል መውረዱን ይቀጥላል። የሕመሙ ምንጭ ከጉልበት በስተኋላ ያለው ትንሹ ሥር ሆኖ ሳለ ብሽሽት ብቻ ታክሞ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ደግሞም ሐኪሙ አውቆ የሚተወው ክፍል አለ፤ ከጉልበት በታች ሥሩ ከስሜት ነርቭ ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ቢጎተት ነርቩ ተጎድቶ እግር እንዳይደነዝዝ ሲባል ብዙውን ጊዜ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል። የቀረ ሥር ምልክቱ ቶሎ መታየቱ ነው፤ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሕመምተኛው «ምንም አልተለወጠም» ይላል። እርስዎ ግን ሦስት ዓመት ቀሎዎት ነበር፤ በዚህ ምክንያት ዋናው ጉዳይ ይህ ይሆናል ብዬ አልገምትም።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። ቁስል ሲድን ሰውነት ወደ ቁስሉ አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያበቅላል፤ ያለዚህ ቁስል አይድንም። ብሽሽት ላይ ተቆርጦ በታሰረው ጉቶ ዙሪያም ይኸው ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ግን እነዚህ ጥቃቅን ሥሮች በጠባሳው ውስጥ እየተጠላለፉ ጉቶውን በጭን ላይ ከቀሩት ሥሮች ጋር ያገናኙታል። በውስጣቸው የሚሠራ ቫልቭ ስለሌላቸው ደሙ ያለ ከልካይ ይወርድባቸዋል፤ በወራትና በዓመታት ውስጥም እየሰፉ ይሄዳሉ። እጅግ ጥንቁቅ በሆነ ሐኪም እጅ ታክሞም ይህ ሊከሰት ይችላል፤ ምክንያቱም የሚፈጥረው ራሱ የመዳን ሂደት ነው። በጭንዎ ውስጠኛ ጎን ትናንሽ ሥሮች ጀምረው ወደ ባትዎ መውረዳቸውን ስላነበብኩ በመጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው። ግምት ብቻ እንደሆነ ግን ይያዙልኝ።

ሦስተኛው በደብዳቤዎ መጨረሻ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው፦ «እናቴም ነበረባት»። የሥር ግድግዳና የቫልቭ ድካም በዘር ይወርዳል። ቀዶ ሕክምና የታመመውን ሥር ያወጣል እንጂ የቀሩትን ሥሮች ተፈጥሮ አይለውጥም። ዕድሜ ሲጨምር፣ ክብደት ሲጨምር፣ ለረጅም ሰዓት መቆም ሲቀጥል፣ ያኔ ጤነኛ የነበረው አጃቢ ሥር ወይም በጡንቻ ውስጥ የሚያልፈው መገናኛ በተራው ይደክማል። ይህ በመጀመሪያው ሐኪም ላይ የሚጻፍ ዕዳ አይደለም።

ከሦስቱ ውጭ፣ ሳይታይ ከታለፈ ሁሉንም ሕክምና ከንቱ የሚያደርግ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የጥልቁ ሥር ሁኔታ ነው። ቀደም ሲል በጥልቁ ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ከነበረ፣ ወይም ሆድ ውስጥ ሥሩን የሚጫን ነገር ካለ፣ የላዩ ሥር ያበጠው ለተዘጋው መንገድ ተለዋጭ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በግራ እግር ላይ ደግሞ ወደ ቀኝ እግር የሚሄደው ደም ቅዳ የግራውን ደም መልስ ዳሌ ውስጥ ተሻግሮ ስለሚያልፍ፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ይጫነዋል። የእርስዎ ሕመም በግራ በመሆኑ መርማሪው ይህንንም እንዲመለከት ይጠይቁ።

ሐኪሙ በድሎኝ ይሆን ላሉት፣ እኔ በሩቅ ሆኜ የምፈርድበት ማስረጃ የለኝም፤ እርስዎም ምርመራው ሳይደረግ እንዳይፈርዱ እለምንዎታለሁ። ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር ግን አለ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እግርዎ የደሙን አካሄድ በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በዶፕለር አልትራሳውንድ፣ ታይቶ ነበርን? ፍሳሹ ከየት እንደሚመጣ በዶፕለር ሳይለይ በዓይንና በእጅ ብቻ ተመርምሮ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ምንጩን የመሳት ዕድሉ ሰፊ ነው። «ሥር አይነካም» የሚሉትን ጎረቤቶችዎን በተመለከተም ዝም ማለት አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ የእንግሊዝ ጥናት በዚህ ሕመም ምክንያት እግራቸው የቆሰሉ ሰዎችን ሲከታተል፣ በመጠቅለያ ብቻ ከታከሙት ቁስሉ በዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው 28 በመቶ ሲሆኑ፣ በላዩ ላይ ቀዶ ሕክምና ከተጨመረላቸው ግን 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። እርስዎም ሦስት ዓመት በቀለለ እግር ቆመዋል፤ ሕክምናው ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም።

ዝሆኔ ነው ስለተባለው፣ በጎጃም ደጋ ይህ ግምት መነሣቱ አይገርምም፤ በቀይ አፈራችን በባዶ እግር በሚሠሩ ገበሬዎች ላይ የሚመጣው፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈው የእግር እብጠት በአካባቢያችን ብዙ ወገኖችን ጎድቷል። ነገር ግን ያ የሚጀምረው ከታች፣ ከእግር ጣትና ከመዳፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ቆዳውም እየወፈረና እየሻከረ ይሄዳል። ቫሪኮስ ግን ቆመው ሳለ እንደ ገመድ ይወጣል፤ ተኝተው እግርዎን ከፍ ሲያደርጉ ይሟሽሻል። ይህን ዛሬ ማታ አልጋዎ ላይ ሆነው ሊያዩት ይችላሉ። ዋግምቱን ግን በፍጹም አያድርጉት። በዚያ ሥር ውስጥ ያለው ደም «መጥፎ ደም» አይደለም፤ ጫና ያለበት የራስዎ ደም ነው። በሥሩ ላይ ቆዳ መብጣት ለማቆም የሚያስቸግር መድማት ያስከትላል፤ እንደ እርስዎ ቆዳው በጠቆረበት እግር ላይ ደግሞ የማይድን ቁስል ይከፍታል።

የቆዳው መጥቆር ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ምልክት ነው። ከፍተኛ ጫና ያለበት ደም ከጥቃቅን ሥሮች ወደ ቆዳ እየሰረገ ሲሄድ ቀለሙ ይቀራል፤ ቀጥሎ ቆዳው ይደርቃል፣ ያሳክካል፣ ይጠነክራል፤ ከዚያም ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጠኛው ጎን በትንሽ ጭረት የሚከፈት ቁስል ይመጣል። ስለዚህ ምርመራውን ለከርሞ አያቆዩት። ሲሄዱ የ2009ን የቀዶ ሕክምና ወረቀት ይያዙ፤ ከጠፋ የታከሙበትን ሆስፒታል ግልባጭ ይጠይቁ፤ የትኛው ሥር እንደታሰረና እስከ የት እንደወጣ የሚናገረው እርሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሲደርሱ የእግር ደም መልስ ዶፕለር ምርመራ ይጠይቁ፤ የላይኛው ሥር ብሽሽት ላይም፣ ከጉልበት በስተኋላም፣ ጥልቁ ሥርም እንዲታይ ያድርጉ። ምርመራው ቆመው ሊደረግ ይገባል፤ ተኝተው ሲሆኑ ደሙ ስለማይጫን ፍሳሹ ሊሰወር ይችላል። መርማሪው ባትዎን ጨምቆ ይለቅቃል፤ ከለቀቀ በኋላ በላይኛው ሥር ውስጥ ደሙ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ታች ከፈሰሰ ቫልቩ እንደማይሠራ ይቆጠራል።

ዳግመኛ ልቆረጥ ወይ ለሚለው፣ ብሽሽትን ሁለተኛ ጊዜ መክፈት ከመጀመሪያው እጅግ ይከብዳል። በጠባሳ ውስጥ ጥልቁን ሥር መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ነርቭ ሊጎዳ፣ ከቁስሉም ለሳምንታት ፈሳሽ ሊወርድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ዛሬ የሚመረጠው ጠባሳውን ሳይነኩ ከበታቹ ያለውን የታመመ ሥር መድፈን ነው። አንዱ መንገድ በሥሩ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በሌዘር ወይም በሬድዮ ሞገድ ሙቀት መዝጋት ነው፤ ሌላው የሥሩን ግድግዳ የሚያጣብቅ መድኃኒት በአረፋ መልክ በመርፌ መስጠት ነው። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሙቀቱን አስቀድሞ፣ አረፋውን አስከትሎ፣ ቀዶ ሕክምናውን ሦስተኛ አድርጎታል። በጠባሳ ውስጥ ለተጠላለፉ ሥሮች ሙቀቱ የሚሄድበት ቀጥ ያለ መንገድ ስለማያገኝ አረፋው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መሣሪያው በሁሉም ሆስፒታል አይገኝምና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሊጻፍልዎ ይችላል። እነዚህም ሕክምናዎች ቢሆኑ ዳግመኛ ላለመምጣት ዋስትና አይደሉም፤ የተደፈነ ሥር ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው አይወቅሱም።

ማሕሌቱን ይተዉ አልልዎትም። እግርን የሚጎዳው መቆም ሳይሆን ሳይንቀሳቀሱ መቆም ነው። በዝማሜውና በወረቡ ጊዜ ባትዎ ስለሚሠራ ደሙ ይገፋል፤ የሚከብደው ቁም ዜማው ነው። በዚያ ጊዜ መቋሚያዎን ተደግፈው ተረከዝዎን በየጥቂቱ ያንሡ፣ ያውርዱ፤ ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩ። በዕረፍቱ ሲቀመጡ እግርዎን አንጠልጥለው አይቀመጡ፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ ከልብዎ ከፍታ በላይ አድርገው ግማሽ ሰዓት ይተኙ። ቅኔ ሲያስቆጥሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሆነም በየሰዓቱ ተነሥተው ይራመዱ፤ ረጅም መቀመጥ ከረጅም መቆም ብዙ አይሻልም።

ለዚህ ሕመም የሚለበሰውን፣ እግርን የሚያጠብቀውን ረጅም ካልሲ (ስቶኪንግ) ከመግዛትዎ በፊት ሐኪሙ በእግርዎ መዳፍ ላይ ያለውን የደም ቅዳ ምት ይይልዎ፤ ደም ቅዳው የጠበበ ሰው ቢለብሰው እግሩን ሊጎዳው ይችላል። ምቱ ደህና ከሆነ ቁርጭምጭሚትዎና ባትዎ ተለክተው የሚስማማዎትን ይውሰዱ፤ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ይልበሱት፣ ማታ ሲተኙ ያውልቁት። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ቢያወልቁም እርሱ በእግርዎ ላይ ይቆያል። ላስቲኩ እየላላ ስለሚሄድ በየስድስት ወሩ ገደማ መለወጥ አለበት።

ሥሩ ተነክቶ ቢደማ ወዲያው ይተኙ፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ሳይለቁ ይጫኑት፤ ከጉልበት በላይ በገመድ ማሰር ግን መድማቱን ያብሰዋል። አንዱ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ባት ላይ ቢያምዎ፣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ በጥልቁ ሥር ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ማደር አይገባም። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ከሆነም አውቶቡሱ ደጀን ወይም ዓባይን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ሲቆም ወርደው ይራመዱ፤ ውኃም በብዛት ይጠጡ።

ልጅዎን በተመለከተ፣ በእርግዝና ጊዜ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ሆርሞኑ የሥሩን ግድግዳ ያላላል፣ ማሕፀኑም ዳሌ ውስጥ ያሉትን ሥሮች ይጫናል፤ የቤተሰብ ዝንባሌ ሲታከልበት ቫሪኮስ ቢታይባት አይገርምም። ብዙ በወለዱ እናቶች ላይ ደሙ ከዳሌ ሥሮች ወደ ጭን ስለሚፈስ፣ እግሩ ብቻ ታክሞ ምንጩ ከላይ ይቀራል፤ በሴቶች ላይ ለመመለሱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፀንሳ ሳለች ሥሩ አይቆረጥም፣ መርፌም አይሰጥበትም። ከወለደች በኋላ በራሱ የሚሟሽሽ ብዙ ስለሆነ ሦስት ወር ያህል ትጠብቅ። እስከዚያ ስቶኪንጉን ሐኪም ለክቶላት ትልበስ፣ በግራ ጎኗ ትተኛ፤ ሦስት ወሩ ካለፈ በኋላም ካልጠፋ እርስዎ እንደሚታዩት ሁሉ እርሷም ቆማ በዶፕለር ትታይ፣ ዳሌዋም አብሮ ይታይላት።